ጣና ዳር የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው ወይስ ባክቴሪያ? ለአንድ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከጣና ዳር አረንጓዴ የለበሰ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው አመጡልኝ። አንዱ መጽሐፍ ‹ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ› ይለዋል፣ ሌላው ከባክቴሪያ ይመድበዋል። ትክክሉ የቱ ነው? በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ልዩነቱን ማሳየትስ ይቻላል? ግራም ስቴይንም ሞክሬ ነበር፤ የሐይቁ ውሃም ለማነጻጸሪያ የሠራሁት እርጎም ሁለቱም ቀይ ሆኑብኝ።»

መምህር፣ ትክክሉ ባክቴሪያ የሚለው ነው። ተማሪዎችዎ ያመጡት ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ሳይኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሲባል የኖረው የባክቴሪያ ወገን) ሳይሆን አይቀርም፤ ይህንንም እዚያው ክፍል ውስጥ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከግራም ስቴይኑ (ባክቴሪያን በግድግዳው ዓይነት ከሚለየው የማቅለም ሙከራ) ግማሹ ልክ ወጥቶልዎታል፦ የሐይቁ ናሙና ቀይ መሆን ነበረበት፣ ሆነም። እርጎው ግን ሐምራዊ መውጣት ነበረበት፤ የት ላይ እንደተበላሸ ወደ ታች አስረዳለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጠርሙሱ ላስጠንቅቅ። ማይክሮሲስቲስ ማይክሮሲስቲን የተባለ፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ሁሉም አያመነጭም፤ ነገር ግን የሚያመነጨውንና የማያመነጨውን በማይክሮስኮፕ አይቶ መለየት ስለማይቻል ሁሉንም እንደ መርዛማ መያዝ ግድ ነው። ማፍላት ህዋሱን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋም። እንዲያውም ህዋሱ ሲፈርስ ውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል። በነጠላ ማጥለልም የሟሟውን መርዝ አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘወትር የመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን ማይክሮሲስቲን ኤልአር (የዚሁ መርዝ አንዱ ዓይነት) በሊትር 1 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ አረንጓዴ ለብሶ የታየን ውሃ አፍልቶ መጠጣት መፍትሔ አይደለም። ተማሪዎች ውሃው ውስጥ ገብተው አይቅዱ፤ እጀታው ረጅም በሆነ መቅጃ ከዳር ሆኖ፣ የላስቲክ ጓንት አድርጎ መቅዳት ይበቃል። ከብትና ውሻም እዚያ ቦታ እንዳይጠጡ ይንገሯቸው።

ናሙናው ማለዳ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ንፋስ ሳይነሳ ቢወሰድ ይሻላል። ንፋሱ ሐይቁን ካናወጠው በኋላ ላይ ላዩ የነበረው ይበተንና ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው አብዛኛው ደለል ይሆናል። ጠርሙሱን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉት፣ ጥላ ውስጥ ይያዝ፣ በዚያው ቀን ይታይ።

አሁን ወደ ስያሜው። ለረጅም ዘመን እነዚህን ፍጥረታት ያጠኗቸው የዕፅዋት ሊቃውንት ነበሩ። አረንጓዴ ናቸው፣ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ፣ ኦክስጅን ያወጣሉ፤ ስለዚህ ከአልጌ መደቧቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. የማይክሮባዮሎጂ ሊቃውንቱ ሮጀር ስታኒየርና ኮርኔሊስ ቫን ኒል «ባክቴሪያ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በህዋስ አሠራር ሲመልሱ ነገሩ ተለወጠ። ኑክለስ የሌለው፣ በሽፋን የተከለለ የውስጥ ክፍል የሌለው፣ ግድግዳው ፔፕቲዶግላይካን (ከስኳርና ከአሚኖ አሲድ የተሠራ መረብ) የሆነ ህዋስ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ከባክቴሪያ ወገን ነው። ሰማያዊ አረንጓዴው «አልጌ» ይህን ሁሉ ያሟላል። እስከ ዛሬ ሁለቱም ስም የሚገኘው አንዳንድ ደራሲ የድሮውን የዕፅዋት አመዳደብ ስለሚከተል ነው። እኔ ተማሪ «ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ» ብሎ ቢጽፍ ስሙን አላርምበትም፤ «ስለዚህ ኑክለስና ክሎሮፕላስት አለው» ካለ ግን አርምበታለሁ።

የምደባው ቁልፍ ይኸው ነው፦ ቀለም፣ መኖሪያ ቦታና መጠን ያሳስታሉ፤ የሚታመነው አካሉ የተሠራበት መንገድ ነው። ጣና ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ሦስት አረንጓዴ ነገሮች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ፦ ማይክሮሲስቲስ (ባክቴሪያ)፣ አረንጓዴ አልጌ (ኑክለስ ያለው፣ ለዕፅዋት የቀረበ)፣ ዩግሊና (ባለ አንድ ህዋስ፣ ኑክለስ ያለው፣ ከሁለቱም በዘር የራቀ)። ወርቃማ ቡናማ ሆነው በሰንሰለት የሚታዩት ደግሞ ዳያተም ናቸው፤ ቅርፊታቸው ሲሊካ ነው። እምቦጭም እዚያው አረንጓዴ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ እሱ ግን አበባ የሚያወጣ ዕፅዋት ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው።

እንግዲህ ማረጋገጫዎቹ። የመጀመሪያው ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። ጠርሙሱን ሳይነቀንቁ አንድ ሰዓት ያስቀምጡት። ማይክሮሲስቲስ ከሆነ ቀለም የተደፋበት መስሎ ላይ ላዩ ይሰበሰባል፤ አብዛኛው አረንጓዴ አልጌና ዳያተም ወደ ታች ይዘቅጣል። የሚያንሳፍፈው በህዋሱ ውስጥ ያሉት በጣም ጥቃቅን የጋዝ ከረጢቶች ናቸው። ግድግዳቸው ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ውስጣቸው አየር ነው። ጣና ዝናብ ሲዘንብ ከጉማራ፣ ከርብና ከግልገል አባይ በሚገባው ደለል የሚደፈርስ ሐይቅ ስለሆነ ብርሃን ወደ ጥልቁ አይወርድም። ራሱን ወደ ላይ የሚያንሳፍፍ ፍጥረት በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ከሌሎቹ በብርሃን ይበልጣል፤ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ የሚያመጡት ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲጨመርበት ደግሞ ይራባል። ንፋስ ወደ ዳር ሲገፋው ነው ተማሪዎችዎ ያዩት ዓይነት ንብርብር የሚፈጠረው።

ሁለተኛው በማይክሮስኮፕ ነው። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርገው ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) በአንድ ጎኑ አስነክተው ቀስ ብለው ያስተኙት፤ ከላይ ቀጥ ብሎ ከተጣለ አየር ይገባና ተማሪው የአየር አረፋውን ህዋስ ብሎ ይስለዋል። በ4 እጥፍ ሌንስ ይጀምሩ፣ በ10 ያልፉ፣ በ40 ይጨርሱ። ቅርጽ የለሽ ጉብታ ውስጥ የታጨቁ ክብ ክብ ህዋሳት ያያሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 6 ማይክሮሜትር ይሆናሉ። መጠኑን ለመገመት ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ በ4 እጥፍ ሌንስ ስር አድርገው የሚታየውን ክብ ስፋት ይለኩ። 4.5 ሚሊሜትር ከሆነ በ40 እጥፍ አሥር ጊዜ ያንሳል፣ ማለትም 450 ማይክሮሜትር ይሆናል። ከዳር እስከ ዳር 90 ያህል ህዋስ ቢደረደር አንዱ 5 ማይክሮሜትር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ጠቆር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ይታያል፤ ወዲያው «ኑክለሱ ይኸው!» ይላሉ። ኑክለስ አይደለም፤ የጋዝ ከረጢቶቹ ክምችት ነው። ይህን በመንገር ሳይሆን በማሳየት ማሳመን ይቻላል። ባለ 2 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ስሪንጅ ያለ መርፌ ይውሰዱ፣ ናሙናውን ይሳቡበት፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው አየሩን በሙሉ ያስወጡ፣ ከዚያ ጫፉን ጠንካራ ጎማ ላይ አጥብቀው ተጭነው ፕለንጀሩን በአውራ ጣትዎ በሙሉ ኃይል ለጥቂት ሰከንድ ይግፉት። ስሪንጁ ትንሽ መሆን አለበት፤ ያው የጣት ጉልበት በጠባብ ፕለንጀር ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ብዙ ይሆናል፣ በባለ 20 ሚሊ ሊትሩ ግን ከረጢቶቹን ለመስበር ላይበቃ ይችላል።  ውሃው ሊረጭ ስለሚችል መነጽር አድርገው እርስዎ ይሥሩት፣ ተማሪ አይሥራው። የተጨመቀውንና ያልተጨመቀውን በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አንዱ ይሰምጣል፣ አንዱ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ከተጨመቀው ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ጥቁሮቹ ነጥቦች ጠፍተዋል፣ ህዋሱ ግን ወጥ አረንጓዴ ሆኖ እዚያው አለ። ኑክለስ ቢሆን በአውራ ጣት ግፊት አይጠፋም ነበር። ከሁሉም ሙከራ ይህንን አይዝለሉት የምለው ለዚህ ነው፤ ተማሪው የህዋሱን አሠራር በራሱ ዓይን ይለየዋል።

ቀለሙ የተሰራጨበትን መንገድም ያስተውሉ። በሳይኖባክቴሪያ ክሎሮፊሉ ታይላኮይድ በሚባሉ ስስ ሽፋኖች ላይ ሆኖ በህዋሱ ውስጥ ስለሚዘረጋ ህዋሱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። በአረንጓዴ አልጌ ግን ቀለሙ ክሎሮፕላስት ውስጥ ተከልሎ ስለሚቀመጥ አረንጓዴ ክፍልና ቀለም አልባ ክፍል ይለያሉ።

ሦስተኛው አዮዲን ነው። በከቨር ስሊፑ አንድ ጎን አንድ ጠብታ የሉጎል አዮዲን አድርገው በሌላው ጎን በሶፍት ወረቀት ውሃውን ይሳቡት፤ አዮዲኑ ስር ለስር ይገባል። አረንጓዴ አልጌ ስታርች ስለሚያከማች ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ሳይኖባክቴሪያ የሚያከማቸው ግላይኮጅን ስለሆነ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ዩግሊናና ዳያተምም ስታርች የላቸውም፤ ስለዚህ «ካልጠቆረ ሳይኖባክቴሪያ ነው» ብለው እንዳይደመድሙ። የዩግሊና ቀይ የዓይን ነጥብ፣ የዳያተም ጠንካራ ቅርፊት ለየብቻ ይታያሉ።

ጊዜ ካለዎት ጥቂት ናሙና በፕላስቲክ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው ያቅልጡት፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ህዋሱ ይፈርስና ፋይኮሳያኒን የተባለው ሰማያዊ ቀለም በውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ዝቃጩ ሲሰፍር ላይ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። አረንጓዴ አልጌ ይህ ቀለም የለውም። ዳር ላይ ደርቆ የቀረው ንብርብር አንዳንዴ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምግብ ፍሪዘር ግን አይጠቀሙ።

ወደ ግራም ስቴይን ልምጣ። ሃንስ ክርስቲያን ግራም ይህን ዘዴ በ1884 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ቀለሙ ለምን እንደሚለያይ አያውቅም ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 80 ናኖሜትር የሚደርስ ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ አለው፤ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለው ሐምራዊ ቀለምና አዮዲን ተጣምረው ውስጡ ከገቡ አልኮሉ ግድግዳውን ያደርቀውና ቀለሙ ይታገታል። ግራም ኔጌቲቭ ግን ግድግዳው ስስ ነው፣ ከላይ የስብ ሽፋን አለው፤ አልኮሉ ሽፋኑን ሲያሟሟው ሐምራዊው ታጥቦ ይወጣል፣ በመጨረሻ የሚጨመረው ሳፍራኒን የተባለ ቀለም ቀይ ያደርገዋል። ሳይኖባክቴሪያም ይህ ውጫዊ ሽፋን ስላለው በአብዛኛው ቀይ ይወጣል። የጉብታውን ህዋሳት አንድ ላይ በያዘው ሙጫ ውስጥ ቀያይ ዘንግ መሰል ነገሮች ካዩ ሙጫው ላይ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው።

እርጎ ውስጥ ያሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግን ግራም ፖዘቲቭ ናቸው። ቀይ የሆኑብዎት ከሚከተሉት በአንዱ ነው ብዬ እገምታለሁ። አንደኛ የምጠረጥረው አዮዲኑን ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ለቁስል የሚሆነው ቲንክቸር አዮዲን በአልኮል የተበጠበጠ ነው፤ እሱን ሲያፈሱበት አዮዲኑ ቀለሙን ከማሰሩ በፊት አልኮሉ ማጠብ ይጀምራል። የሚያስፈልገው በውሃ የተሠራው ነው፦ 1 ግራም አዮዲንና 2 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በትንሽ ውሃ አሟሙተው በ300 ሚሊ ሊትር ይሙሉት፣ በጥቁር ጠርሙስ ያስቀምጡት፣ ቀለሙ ከሳሳ ይድፉት። ሁለተኛ፣ አልኮሉ ብዙ ቆይቶ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ብዙ ቀን የቆየ እርጎ ከሆነ አሲዱ ብዙዎቹን ህዋሳት ገድሏቸዋል፤ የሞተና ያረጀ ህዋስ ግድግዳው ስለሚላላ ግራም ፖዘቲቭ ቢሆንም ቀይ ይሆናል። በዋዜማው የረጋ እርጎ ይውሰዱ። አራተኛ፣ ስላይዱ እሳት ላይ ብዙ ከቆየ ግድግዳው ይሰነጣጠቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በስላይዱ ላይ በእርሳስ ወይም በማርከር ሦስት ቦታ ይለዩ። በአንዱ የሐይቁን ናሙና፣ በሁለተኛው የእርጎውን ውሃ፣ በሦስተኛው ከጉንጭዎ ውስጥ በንጹህ የጥርስ እንጨት የተጠረገውን ከጥቂት የጠላ አምቡላ ጋር ያድርጉ። ከእርጎው የሚወሰደው የክብሪት ራስ ያህል እንኳ አይሙላ፤ በአንድ ጠብታ ውሃ አቅጥነው ያስፉት። ሲደርቅ ከስሩ ጋዜጣ ማንበብ የማይቻል ከሆነ ወፍሯል፣ እንደገና ይሥሩት። በአየር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የእርጎ ቅቤ ስለሚያስቸግር በእሳት ከማጽናት ይልቅ 95 በመቶ አልኮል ለ2 ደቂቃ አፍስሰውበት ቢያደርቁት ይሻላል፤ ህዋሱንም ያጸናል፣ ቅባቱንም ይቀንሳል። በእሳት ካጸኑ በስፒሪት ላምፕ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያሳልፉት፤ የኩራዝ ጥቀርሻ ስላይዱን ስለሚያጠቁር አይሆንም።

ክሪስታል ቫዮሌት 1 ደቂቃ። በፋርማሲ ጂቪ እየተባለ የሚሸጠው ባለ 1 በመቶ ጄንሺያን ቫዮሌት ዋና ይዘቱ ይኸው ስለሆነ ተጣርቶ ይሠራል። ቀስ ብሎ በውሃ ማጠብ። አዮዲን 1 ደቂቃ፣ ማጠብ። ከዚያ ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ደረጃ ይመጣል፦ ስላይዱን አጋድመው 95 በመቶውን አልኮል በጠብታ እያወረዱ፣ የሚፈሰው ሐምራዊ መሆኑን እንዳቆመ ወዲያውኑ በውሃ ያቋርጡት። ለስስ ናሙና ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል። 70 በመቶው አልኮል ውሃ ስለሚበዛበት ጊዜው አይገመትም፤ የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። በመጨረሻ ሳፍራኒን 1 ደቂቃ፣ ማጠብ፣ በሶፍት ሳያሹ ማድረቅ። በ100 እጥፍ ሌንስ ሲያዩ ኢመርሽን ኦይል ያስፈልጋል፤ በምግብ ዘይት መተካት ሌንሱን ያበላሻል።

ሦስተኛው ቦታ ዳኛ ነው። የጉንጭ ህዋስ ግድግዳ ስለሌለው ቀይ መሆን አለበት፤ ሐምራዊ ከሆነ አልኮሉ አንሷል። የጠላው እርሾ ወፍራም ግድግዳ ስላለው ሐምራዊ መሆን አለበት፤ ቀይ ከሆነ አልኮሉ በዝቷል፣ ወይም አዮዲኑ ተበላሽቷል። ሁለቱ ልክ ካልሆኑ የሌላውን ውጤት አያንብቡት። ደግሞ ልብ ይበሉ፦ እርሾ ፈንገስ ነው፣ ኑክለስ አለው፣ ሆኖም «ግራም ፖዘቲቭ» ይመስላል። ይህ ቀለም የሚናገረው ስለ ግድግዳው ብቻ ነው፤ አንድን ነገር ባክቴሪያ ነው ብሎ አይመሰክርም።

ለሌሎቹ ወገኖች ብዙ አልቆይም። ተማሪዎችዎ የሚያውቁት አምስቱ መንግሥት የሮበርት ዊታከር የ1969 እ.ኤ.አ. አመዳደብ ነው፤ በእሱ ሳይኖባክቴሪያ ኑክለስ የሌላቸው ከሚመደቡበት ከሞኔራ ይገባል። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 የራይቦዞምን (የህዋሱን ፕሮቲን መሥሪያ) አርኤንኤ አነጻጽረው ሞኔራ ተብሎ አንድ ላይ የታጨቀው ሁለት እጅግ የተራራቁ ወገኖች መሆኑን አሳዩ፤ በ1990 ዎዝና ባልደረቦቹ ባክቴሪያ፣ አርኪያ (ኑክለስ የሌላቸው፣ ከባክቴሪያ ግን የተለዩ) እና ዩካርያ (ኑክለስ ያላቸው) የሚሉትን ሦስት ዶሜይኖች፣ ማለትም ታላላቅ ወገኖች፣ አቀረቡ። ቫይረስ ህዋስም ራይቦዞምም ስለሌለው ከሦስቱም ውጭ ነው።

ይህ ምደባ ለፈተና ብቻ የሚጠና አለመሆኑን ለማሳየት ትራኮማን ይጥቀሱላቸው፤ በአማራ ክልል የማያውቀው ቤተሰብ ጥቂት ነው። አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በሰው ህዋስ ውስጥ ካልሆነ ስለማይራባ ለብዙ ዓመታት ቫይረስ ይባል ነበር። የራሱ ግድግዳና የባክቴሪያ ዓይነት (70ኤስ የሚባል) ራይቦዞም ያለው ባክቴሪያ ነው፤ አዚትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚያድነውም ያንን ራይቦዞም ስለሚይዘው ነው። ፔኒሲሊን ደግሞ የሚመታው የፔፕቲዶግላይካንን ሥራ ነው፤ አሜባ ያ ግድግዳ ስለሌላት ፔኒሲሊን ለአሜባ ምንም አያደርግላትም።

ሲጨርሱ የሐይቁን ናሙና ወደ ሐይቁም ወደ ጓሮ አትክልትም አይመልሱት። ከአንድ እጅ በረኪና ጋር ዘጠኝ እጅ ናሙና ቀላቅለው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይድፉት፤ ስላይዶቹንም እንዲሁ በተበረዘ በረኪና ይንከሯቸው። በረኪናውን ከአልኮልና ከአሲድ ጋር አያቀላቅሉት። ዕቃ በማፍላት ብቻ አይተማመኑ፦ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው ጠንካራ ስፖር ደግሞ ይህንን ይቋቋማል። ፕሬዠር ኩከር ካለዎት በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚደርሰው ወደ 118 ዲግሪ እንጂ መጽሐፍ እንደሚለው 121 አይደለም፤ ስለዚህ የተለመደውን 15 ደቂቃ ወደ 30 ያሳድጉት።

ሥዕሉን ሲያስስሉ ማይክሮሲስቲስ ላይ የሚጻፉት ክፍሎች የህዋስ ግድግዳ፣ ታይላኮይድ፣ የጋዝ ከረጢት፣ ኑክሊዮይድ (ዲኤንኤው የሚገኝበት ቦታ) እና ዙሪያውን ያለው ሙጫ ናቸው። ሙጫው ብርሃን ስለሚያሳልፍ አይታይም፤ ጠብታው ውስጥ ጥቂት ኢንዲያን ኢንክ (ከጥቀርሻ የሚሠራ ጥቁር ቀለም) ቢጨምሩ ቀለሙ ወደ ሙጫው ስለማይገባ በጉብታው ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይወጣል።